ጂም፣ ሶምሶማ፣ ቤት ወይስ የጤና ቡድን? የማያቋርጡትን ስፖርት ስለ መምረጥ

መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት የጂም ካርዶች አሉ። ቀለማቸው ይለያያል እንጂ ታሪካቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት መስመር በፊርማ ተጨናንቋል፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት ወይ ሦስት ፊርማ አለ፣ ከዚያ በታች ያለው ነጭ ወረቀት ነው። ባለፈው ሰሞን ቤት ሳጸዳ አንዱን አውጥቼ ቆጠርኩት። የሦስት ወር ካርድ ነው፤ የሄድኩት 11 ቀን።

ያን ጊዜ ሁሉ ስፖርት ስመርጥ የምጠይቀው «ቦርጭ ቶሎ የሚያጠፋው የቱ ነው?» ብቻ ነበር። ጓደኞቼም የሚመልሱልኝ ይህንኑ ነው፤ አንዱ ገመድ ይላል፣ ሌላው ዋና፣ ሌላው «ብረት ካልገፋህ ዋጋ የለውም» ይላል። ሦስት ሳምንት ተሠርቶ የሚተው ምርጥ ስፖርት ግን ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራ መናኛ ስፖርት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ እዚህ አምስት አማራጮችን የማወዳድረው በሚያቃጥሉት ካሎሪ አይደለም። በክፉ ቀን በሚያሳዩት ጠባይ ነው፦ ዝናብ ሲጥል፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሥራ ሲደራረብ።

ያቆማችሁበትን ቀን አስታውሱ

ምርጫ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለፈው ጊዜ ለምን እንዳቆማችሁ መርምሩ። «ሰነፍኩ» መልስ አይሆንም። ቀኑን ራሱን አስታውሱት፤ የት ነበራችሁ? ስንት ሰዓት ነበር? ምን መጣ?

የእኔን ልንገራችሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሙያዬ ሒሳብ ነው። የመጀመሪያው ጂም ቦሌ ነበር። ዕቃው አዲስ፣ ሳውናው የሚያምር፣ ግን ከሥራ ወጥቼ ቦሌ ሄጄ ከዚያ ጀሞ ስገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልፋል። ያቆምኩት ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ዝናብ የመታኝ ቀን ነው። ሁለተኛውን ያቆምኩት ሰኔ ላይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ያን ወር ሰዎች አይደለንም። ሦስተኛውን ያቆምኩት አጎቴ አርፎ ገጠር ሄጄ ነው። ሳምንት ቆየሁ፤ ስመለስ ግን የጂሙ አሠልጣኝ «የት ጠፋህ?» እንዳይለኝ አፍሬ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። አዎ፣ በአንድ ጥያቄ ፍርሃት የሁለት ወር ክፍያ ቀልጦ ቀረ።

ሦስት የተለያዩ ሌቦች ናቸው፦ ርቀት፣ ሰዓት፣ ሀፍረት። የእናንተ ሌባ ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ የሕፃን ልጅ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል፣ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል። ከታች ያለውን ስታነቡ የራሳችሁን ሌባ በአእምሯችሁ ያዙና «ይህኛው አማራጭ ከእሱ ይጠብቀኛል ወይ?» እያላችሁ ተሻገሩ።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። መካከለኛ ማለት እየሠራችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ነው። የድሮው መመሪያ «ከ10 ደቂቃ በታች አይቆጠርም» ይል ነበር፤ አዲሱ ይህን አንስቶታል። አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። ይህች ትንሽ ለውጥ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

ጂም

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው። ጂም ጥሩ ጎን አለው። ዝናብ አይነካውም፣ ውሻ አያባርርም፣ ብረት አለው። ጡንቻ ማጠንከር ለፈለገ፣ በተለይ ዕድሜው ከ40 ለዘለለ ሰው፣ በሥርዓት የሚያሳይ አሠልጣኝ ካገኘ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የመንገድ ላይ ለከፋ ለሰለቻት ሴትም አንዱ መሸሸጊያ ነው፤ አንዳንድ ጂሞች ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት አላቸው፣ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ነው።

ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች፣ ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት የታወቀ ጥናት አለ። በአሜሪካ ሦስት ጂሞች ውስጥ ከ7,700 በላይ አባላትን የመግቢያ መዝገብ ለሦስት ዓመት አዩ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት ሰዎች በወር የሚሄዱት በአማካይ 4.3 ጊዜ ነበር። ሲካፈል ለአንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው ማለት ነው። እዚያው ጂም የ10 ቀን ትኬት በቀን 10 ዶላር ሂሳብ ይሸጥ ነበር! ሰዎቹ ሒሳብ ስላላወቁ አይደለም። ወደፊት የሚሄደውን ሰው ከዛሬው ሰው የተሻለ ጎበዝ አድርገው ስለገመቱት ነው። እኔም ካርዴን ስገዛ የገመትኩት ያንኑ ሰው ነበር፤ እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ ጂም ከመረጣችሁ የቀን ክፍያ ካለ በእሱ ጀምሩ። በቀን ውድ መስሎ ይታያል። ግን ለምሳሌ ወርሃዊው 2,000 ብር፣ የቀኑ 200 ብር ቢሆን፣ ወርሃዊው የሚያዋጣው በወር ከ10 ቀን በላይ ስትሄዱ ብቻ ነው። ሁለት ወር በቀን እየከፈላችሁ 10 ቀን ካለፋችሁ ያኔ ወርሃዊውን ግዙ። «የሦስት ወር ከከፈልክ ቅናሽ አለ» የሚባለውን ግን እለፉት። ቅናሹ የሚጠቅመው ባለ ጂሙን ነው።

ሌላው፣ ጂሙን ሄዳችሁ የምታዩት በምትሠሩበት ሰዓት ይሁን። ቅዳሜ ረፋድ ባዶ የሆነ ጂም ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ለመሮጫ ማሽን ወረፋ ይያዝበታል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ ጄኔሬተር የሌለው ቤት ማሽኑ ይቆምና ብረቱ ብቻ ይቀራል። የልብስ መቀየሪያው በር ይዘጋል? ውሃ አለ? እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ግን ላብ በላብ ሆኖ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው በሚቀጥለው ቀን አይመለስም።

ከሁሉም በላይ ግን ቦታው። ጂሙ ከቤት ወደ ሥራ በምትሄዱበት መስመር ላይ ካልሆነ ተዉት። ከመስመሩ ወጣ ያለ ምርጥ ጂም፣ ሰፈራችሁ ሕንፃ ሥር ተከራይታ ካለች መስታወቷ የተሰነጠቀ ጂም ያነሰ ነው።

ሶምሶማ

የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ስለሆንን ሩጫ ለእኛ ከስፖርት በላይ ነው። ችግሩም እሱ ነው። አንድ ሰው መሮጥ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ እንደ 1960 እ.ኤ.አ. የሮም ማራቶን ይጠብቀዋል፤ እሱም ራሱን እንደዚያ ይጠብቃል፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር በፍጥነት ይሄድና በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ ነው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ትንፋሽ ማጠሩ ስንፍና አይደለም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከውም ለዚህ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ ብሎ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ይህንን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሞ ወደ ቤት መመለስ ነው። «ገና ሳይደክመኝ ቆምኩ» ካላችሁ ልክ ናችሁ። ሕመሙ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው የሚጠነክረው፤ ሰውነት ሲተሳሰር ተጎዳሁ ብላችሁ አትደንግጡ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቃል።

ቦታው ምርጫ አለው። መስቀል አደባባይ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ሰው ይርመሰመሳል፤ ብቻዋን መሮጥ ለምትፈራ ሴት ከጨለማ ሰፈር ይልቅ እዚያ ይሻላታል። ጃን ሜዳ አፈሩ ለጉልበት ደግ ነው። በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለዕረፍት ቀን ነው እንጂ ለሳምንት ቀን ማሰብ ራስን ማታለል ነው፤ መሄጃው ብቻ ሰዓቱን ይበላል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ ለምሳሌ ከቦሌ ወደ መገናኛ ያለው፣ ድሮ ያልነበረ ዕድል ናቸው። ድንጋይ ንጣፍ ጠንካራ ስለሆነ ጫማው ግን ደህና ይሁን። ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ የላዩን ውበት ትታችሁ ተረከዙን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ተመልሶ ካልተነሳ ሶሉ ሞቷል። በአንድ ጎን የተበላውንም ተዉት፤ የሌላ ሰው አረማመድ የታተመበት ጫማ ነው።

ሶምሶማ የሚሸነፍበት ሁለት ነገር አለ። አንዱ ክረምት ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ጭቃውና ዝናቡ ከሁለት ወር በላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። በጥር ተጀምሮ በሐምሌ ያልተቋረጠ ሶምሶማ ብዙ አላየሁም። ሁለተኛው ውሻ ነው። ማታ ማታ መንገዱን የያዙት ውሾች ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ገና አልለቀቁም። መጥተው ሲከቧችሁ አትሩጡ፤ ቁሙና ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እኔ መነሻዬን ወደ 12 ሰዓት ተኩል ካሸጋገርኩ ወዲህ ውሻ አላስቸገረኝም፤ በምትኩ የአይሱዙ ጭስ አገኘሁ።

ቤት ውስጥ

ርቀት የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ዝናብ የለም፣ የሚያይ ዓይን የለም። በወረቀት ላይ ሁሉንም ያሸንፋል። በተግባር ግን ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው፤ ማንም አይጠብቃችሁም፣ አልጋው ደግሞ ሁለት ሜትር ላይ ነው።

እኔ ገመድ ዝላይ ሞክሬ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ጎረቤቴ የመጥረጊያውን እንጨት ወደ ላይ እያነሱ ጣሪያቸውን፣ ማለትም ወለሌን፣ ይደበድቡ ጀመር። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ «ልጄ፣ ቢያንስ ከእኔ በኋላ ዝለል፤ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ» አሉኝ። በዚያ ሰዓት እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ገመዱ በር ጀርባ ተሰቀለ፣ እኔም ወደማይጮሁት ተመለስኩ፦ ፑሽ አፕ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ፕላንክ። አሁን በሳምንት ሁለቴ 12 ደቂቃ እሠራዋለሁ። ከሌላው ጋር ተደርቦ ሲመጣ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አልያዘኝም።

ቤት ውስጥ መሥራት ዋና ምርጫ መሆን ያለበት መውጣት ለማይችሉ ነው። ሕፃን ልጅ ያላት እናት፣ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራና የራሷ የሆነው አንድ ክፍል ብቻ የሆነ እህታችን፣ የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ጥበቃ። ለእነሱ የምለው ቢኖር ቪዲዮውን በዋይፋይ አውርዳችሁ አስቀምጡት፤ ዳታ ያለቀ ቀን ስፖርቱም አብሮ ያልቃልና።

የጤና ቡድን

እዚህ ላይ አድሏዊ ነኝ፤ ቀድሜ ልናገር።

ለማያውቀው፣ የጤና ቡድን ማለት በየሰፈሩ እሑድ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ የሚሰበሰብ የሰፈር ስብስብ ነው። ቲሸርት ያሳትማል፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ላረፈደ ቅጣት አለው፣ ላረፈደ ሊቀመንበር ደግሞ እጥፍ ቅጣት አለው። መጀመሪያ ማሟሟቂያ ይሠራል፣ ከዚያ ወንዱም ሴቱም እንደ ቡድኑ ኳስ ይጫወታል ወይም ኤሮቢክስ ይሠራል፣ ከዚያ ፉል ቤት ይገባል። የእኛ ቡድን ውስጥ ጡረታ የወጡ ጋሼዎች አሉ፣ የ20 ዓመት ልጆችም አሉ። ኦፍሳይድ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከጨዋታው ይረዝማል።

ስፖርቱን ብቻ ለክታችሁ ብታዩት ደካማ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ምናልባት 40 ደቂቃ እውነተኛ እንቅስቃሴ። ለ150 ደቂቃ አይደርስም። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ የ45 ዓመት ሰው እሑድ ጠዋት ተነስቶ እንደ ልጅነቱ መስመር ይዞ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ጉልበቱ ይሄዳል፤ ልቡንም ያስጨንቃል። ከስፖርቱ በኋላ ቁርጥና ቢራ ቤት የሚገቡ ቡድኖችም አሉ፤ እነሱ የጤና ቡድን የሚለውን ስም ለምን እንደያዙ አላውቅም።

ግን የክፉ ቀኑን ፈተና የሚያልፈው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን አጣሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ቡድኑ ሙሉ ለሙሉ ገባ፤ ጋቢ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ ከሥራ በቀጥታ የመጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ዝም አሉ። ሲወጡ አንዱ ጋሼ ትከሻዬን ይዘው «አርባው ሲያልፍ እሑድ እንጠብቅሃለን፤ ባትጫወትም ና፣ ዳኛ ትሆናለህ» አሉኝ። አርባው ሲወጣ ሄድኩ። ዳኛ ሆንኩ፣ ሁሉም ሰደበኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጫወት ጀመርኩ። በሦስተኛው ካርድ ጊዜ በሌላ መንገድ እንድዞር ያደረገኝ «የት ጠፋህ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ አልነበረም፤ የት እንደነበርኩ ሁሉም ያውቃሉ።

ቡድን ለመቀላቀል ሜዳ ላይ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሄድ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ዳር ቆማችሁ እዩ። የሚሰዳደቡ ከሆነ፣ ለጀማሪ ኳስ የማያቀብሉ ከሆነ፣ ሌላ ሜዳ አለ።

በእግር ወደ ሥራ

ስፖርት ነው ብሎ የሚቆጥረው ሰው ስለሌለ ይናቃል። እኔን ግን የያዘኝ ይሄ ነው። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ታክሲ በመካኒሳና በሳር ቤት ያልፋል። እኔ ሳር ቤት እወርዳለሁ። የአፍሪካ ኅብረትን አልፌ ሜክሲኮ ስደርስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ካረፈድኩ ማታ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በእግሬ እመለሳለሁ። በሳምንት አራት ቀን ቢሳካ ወደ 100 ደቂቃ ተጠጋሁ ማለት ነው። አጭሩም ይቆጠራል ብለናልና፣ ከዚህ ላይ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ደረጃ ጨምሩበት፤ ድሮ እንደ እርግማን የምቆጥረው ነበር።

ትልቁ ጥቅሙ የተለየ ሰዓት አለመጠየቁ ነው። ለማንኛውም ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሰኔም ቢሆን እሄዳለሁ፤ ሰኔ 30 ከምሽቱ 4 ሰዓት የወጣሁ ጊዜ እንኳ ጠዋት የተራመድኩት አልተነጠቀብኝም። ክረምት ላይ ጃንጥላና ቢሮ የሚቀመጥ ትርፍ ጫማ ይፈልጋል፣ ሌላ ምንም። ጉድለቱ ደግሞ ክንድና ጀርባ አይነካም፤ ለዚህ ነው ከላይ ያልኳትን 12 ደቂቃ የጨመርኩት።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን?

«21 ቀን ከሠራህ ልማድ ይሆናል» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትላ ያገኘችው ሌላ ነው። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል (ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ውሃ መጠጣት ዓይነቱ ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ከዚያው ጥናት እኔን በጣም የረዳኝ ሌላው ውጤት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም። የጎዳኝ የዘለልኩት ቀን ሳይሆን በዘለልኩት ቀን ምክንያት ያልሄድኩባቸው ሌሎቹ ቀኖች ነበሩ።

ሁለተኛ የማምንበት ነገር ቦታና ሰዓት መጻፍ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ተማሪዎችን ለሦስት ከፈለ። ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያነሳሳ ጽሑፍ ብቻ ካነበቡት ውስጥ በሳምንቱ ስፖርት የሠሩት 35 ከመቶ ሲሆኑ፣ ምንም ካልተደረገላቸው ደግሞ 38 ከመቶ ሠሩ። ያንኑ ካነበቡ በኋላ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብለው የጻፉት ግን 91 ከመቶ ደረሱ። ስለዚህ የሚያነሳሳ ንግግር ማዳመጥ ትታችሁ «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጠዋት፣ ሳር ቤት እወርዳለሁ» ብላችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ።

ጾም ሲገባ ዕቅዱን ቀድማችሁ ቀይሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ጠንከር ያለ ሩጫ ሮጦ ቀኑን ሙሉ ከሚዝል፣ ወደ መብያው ሰዓት ጠጋ ብሎ ቢራመድ ይሻለዋል። በረመዳንም ብዙዎች ከኢፍጣር በፊት ያለችውን የመጨረሻ ሰዓት ለቀላል ርምጃ፣ ከበሉ በኋላ ያለውን ደግሞ ለጠንካራው ይጠቀሙባታል። መቀነስ ማቆም አይደለም። ጨርሶ ያቆመ ሰው ከፋሲካ በኋላ ከዶሮ ወጡ ጋር አብሮ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚነሳው።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

የገንዘብ ችግር የሌለበት፣ ጂሙ ከቤቱ ወይም ከቢሮው በእግር የሚደረስ፣ ጡንቻ ማጠንከር የሚፈልግ፦ ጂም፣ በቀን ክፍያ። ብቻውን መሆን የሚወድ፣ ጠዋት መነሳት የማይከብደው፦ ሶምሶማ፣ ከክረምት መግባት በፊት ተለዋጭ አዘጋጅቶ። ከቤት መውጣት የማይችል፦ ቤት፣ ግን በስልክ የሚደውልላት ወይም የሚደውልለት አንድ ሰው ይኑር። በራሱ ላይ እምነት ያጣ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ያቆመ እንደ እኔ ያለ፦ በእግር ወደ ሥራ፣ እሑድ የጤና ቡድን፣ በመሃል የቤት ፑሽ አፕ። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ደረት ላይ የሚጫን ነገር የሚሰማችሁ፣ የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ሐኪም አነጋግሩ፤ በተለይ መድኃኒት እየወሰዳችሁ የምትጾሙ ከሆነ።

የምትጀምሩበት ቀን ደግሞ መስከረም 1 ቢሆን ሒሳቡ ያምራል። መስከረምና ጥቅምት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ብዙ ጊዜ የሚውለው ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ነው። መሮጥ ግዴታ አይደለም፤ ከኋላ እየጨፈረ፣ እየተራመደ የሚጨርሰው ሕዝብ ከሚሮጠው አያንስም። መግቢያ የሆነውን ቲሸርት ግን ቀደም ብላችሁ ግዙ። የእኛ ቡድን አምና ዘግይቶ ስድስት ቲሸርት ጎደለውና ማን ይግባ ማን ይቅር ተብሎ ፉል ቤት ውስጥ ዕጣ ወጣ፤ የደረሳቸው አንዱ ጋሼ በጉልበታቸው አሳበው ለእኔ ሰጡኝ።